ባዶ የተተዉ ሳጥኖች

«አንቺ ሐኪም አይደለሽ፣ ነርስ አይደለሽ፤ ምን ቤት ነሽና ነው የልጃችንን እግር የምትጎትቺው?»

ይህን ያሉኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በራፋቸው ላይ ቆመው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያዩኝ። እውነታቸውን ነው። ሐኪምም ነርስም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማለፊያ ነጥብ ያልመጣልኝ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ ስተይብ የኖርኩ ልጅ ነኝ።

«ወድቄ ነው አባባ» አልኳቸው። «ሐኪም ብሆን ይህን ዳገት በእግሬ እወጣው ነበር?»

ከውስጥ የልጅቷ እናት ሳቀች። ሽማግሌው አልሳቁም፤ ግን ከበሩ ገለል አሉልኝ።

ሥራውን ያገኘሁት እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አንድ ፊዚዮቴራፒስት ከአዲስ አበባ መጥቶ ቅጽ ሊያባዛ ገባ። ቅጹ ሴሬብራል ፓልሲ ስላለባቸው ልጆች ነበር፤ ከመወለዳቸው በፊት ወይም ሲወለዱ አንጎላቸው ተጎድቶ ጡንቻቸው አልታዘዝ ስላላቸው ልጆች። እያባዛሁ አነበብኩት። የሰው ወረቀት ማንበብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እጄም ዓይኔም አያርፍም፣ ምን ላድርግ።

«ይሄ አምስተኛው ጥያቄ አይሆንም» አልኩት። «የእኛ አገር ሰው እንደዚህ ከጠየቅከው "እሱ ያውቃል" ብሎህ ወደ ሰማይ ነው የሚያየው።»

ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ተቀየመ ብዬ ነበር። በማግስቱ ደወለልኝ።

ጥናቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። በቆላው ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ባለሙያ የለም። እናት ልጇን አዝላ ሐኪም ቤት ስትመላለስ ወገቧ ይቆረጣል እንጂ ልጁ አይለወጥም። እናቶች ራሳቸው በየቀኑ ቤታቸው ቢያሠሯቸው፣ እንደ እኔ ያለ ጥቂት የሠለጠነ ሰው ደግሞ በሳምንት አንዴ እየሄደ ቢያያቸውስ? ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? ይህን ለማወቅ ነው በቀወት ወረዳ ቀበሌዎች ቤት ለቤት የምዞረው።

ሦስት ሳምንት አሠለጠነኝ። ልጅ እንዴት እንደሚያዝ፣ ዳሌው እንዴት እንደሚደገፍ፣ የሚፈልገውን ነገር ትንሽ ራቅ አድርጎ ራሱ እጁን እንዲዘረጋ እንዴት እንደሚደረግ። እግር መጎተት የሚባል ነገር የለውም። ዋናው ልጁ ራሱ እንዲሞክር ማድረግ ነው። ብዙዎቹ ልጆች መጀመሪያ የሚማሩት ሳይደገፉ መቀመጥን ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንቺ?» አለች። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማሪ ሁሉ "ቁጭ በይ" እያለ ያበደብሽ ልጅ፣ ሰው መቀመጥ ልታስተምሪ?»

የገጠሩ ሰው ሥራችንን «ስፖርት» ይለዋል። እኔን ደግሞ «የመንግሥት ወጌሻ»። አይደለሁም ብል ማን ሰምቶኝ።

የሽማግሌው የልጅ ልጅ አምስት ዓመቷ ነበር። የምትናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ሳቋ ግን ጎረቤት ይሰማል። መሬት ላይ ስትቀመጥ እናቷ ከኋላ ካልያዘቻት እንደ ተቆረጠ የማሽላ አገዳ ወደ ጎን ትወድቃለች። ፊዚዮቴራፒስቱ በመጀመሪያው ቀን እጁን ለቆ ሲቆጥር አራት ላይ ወደቀች። አራት ሰከንድ ብሎ ጻፈ። እናቷ ያን ጊዜ፣ «ብቻዋን ተቀምጣ በእጇ ብትበላልኝ ሌላ አልፈልግም» አለችኝ። «እኔ ማሳ ስሄድ ማን ይዟት ይውላል? እስከ መቼስ እይዛታለሁ?» ሌላ ምንም አልጠየቀችም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ቤት ከሌሎቹ ለይቼ ማየቴን አልደብቅም።

ለየልጁ ወንበር ተሠርቶ ነበር። የከተማችን አናጢ ከባሕር ዛፍ ጣውላ የሠራው፣ ፊቱ ላይ ጠረጴዛ ያለው፣ ከአሮጌ መኪና በተፈታ ቀበቶ የሚታሰር፣ ሰማያዊ የተቀባ። ከወንበሩ ጋር አንድ ወረቀት እንሰጣለን፤ በወረቀቱ ላይ ለወሩ ቀናት ሁሉ ሳጥን ተሠርቷል። ስፖርቱ በተሠራበት ቀን ሳጥኑ ውስጥ ራይት ይደረጋል። እስክሪብቶውን በክር አስሬ ግድግዳ ላይ እሰቅልላቸዋለሁ።

ወረቀቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። በየቤቱ፣ በየሳምንቱ፣ ራይት በራይት። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ አስረክባለሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ ወረቀቶቹን እያገላበጠ፣ «እንዲህ ያለ ትጋት የትም አላየሁም» ሲለኝ፣ የቆላ ሰው ምን መሰለህ ብዬ ጎረርኩበት።

ልጆቹ ግን አይለወጡም። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ከአራት ወር በኋላ አምስት ላይ ወደቀች።

«ይሄ መጥፎ ነው» አለኝ እሱ። «ወረቀቱ በየቀኑ ሠሩ ይላል። ልጆቹ ያው ናቸው። እንደዚሁ ከቀጠለ መጨረሻ ላይ የምንጽፈው "ቤት ውስጥ የሚሠራ ስፖርት አይጠቅምም" ብለን ነው። ያ ከተጻፈ ደግሞ ወደዚህ አገር ለዚህ ሥራ ተመልሶ የሚመጣ የለም።»

በማግስቱ ቀኔ ሳይሆን ወደ ሽማግሌው ቤት ወጣሁ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ነገር ሲያሳስበኝ መቀመጥ አልችልም። ሰዓቱ ስድስት ሆኖ ነበር። የቆላ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ደግሞ ይታወቃል፤ ዶሮ እንኳ ከጥላ አይወጣም። እንደማልመጣ ስለሚያውቁ ማንም አልጠበቀኝም።

ልጅቷ ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ወንበሩ የለም። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። አወረድኩት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጭረት የለም። አቧራ እንኳ የለበትም፤ በሸዋ ሮቢት አቧራ የሌለበት ነገር የማይነካ ነገር ብቻ ነው።

«እንዳይቆሽሽ ብለን ነው» አለች እናቷ፣ ከጓዳ እየሮጠች ወጥታ። «የሰው አደራ ነው። አንቺ ስትመጪ እናወርደዋለን።»

ወረቀቱን ከግድግዳ አነሳሁ። ቀኑ ሃያ ነው። ራይቱ እስከ ሠላሳ ሞልቷል። ገና ያልመጣው ሐሙስ ሳይቀር ተሠርቶበታል።

«ይሄስ?» አልኳት፣ ጣቴን ሐሙስ ላይ አድርጌ።

ወረቀቱን አየችው። እኔን አየችኝ። «እንዳይረሳ ብዬ» አለች።

ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ንዴቱ መጣ። ጮህኩ፤ አልዋሽም። ይህን ሁሉ ዳገት የምወጣው ለእስክሪብቶ ነው ወይ አልኩ። እናቲቱ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ውጭ ከጥላው ሥር ሆነው ሰምተዋል፤ ገብተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ እስቲ ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ስትገቢ ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂን?»

«"ሠርታችኋል አይደል?" ብዬ።»

«ታዲያ! በዚህ ፀሐይ፣ ላብሽ እየተንጠባጠበ፣ ለእኛ ልጅ ብለሽ መጥተሽ፣ "ሠርታችኋል አይደል?" ስትይ አልሠራንም ይባላል? ለእንግዳ ውሃ የለም እንደማለት እኮ ነው። ሽንኩርት ነቀላ ላይ ነበርን፤ ጊዜ የት አለ? ግን አንቺን አሳፍሮ መመለስ ደግሞ የእኛ ወግ አይደለም።»

ሰው ፊት ለፊት ተናጋሪ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ለካ ጥያቄዬ መልሱን ራሱ ይዞ ነበር የሚገባው። እነሱ ዋሹ እንዳልል፣ ያስዋሸኋቸው እኔ ነኝ። በየቤቱ አረፍ ብዬ በሶውን ጠጥቼ፣ ፓፓያውን በልቼ፣ ሠርታችኋል አይደል እያልኩ፣ እሺ ከማለት ሌላ ምን መውጫ ሰጠኋቸው?

«አባባ» አልኳቸው፣ አሁን ቀስ ብዬ፣ «ይህ ወረቀት ምስክር ነው። ሳትሠሩ ሠራን ካላችሁ፣ ልጅቷ ሳትለወጥ ትቀርና፣ ጥፋቱ የስፖርቱ ነው ተብሎ ይጻፋል። ነገ እዚህ መንደር እንደ እሷ ያለ ልጅ ቢወለድ፣ "ቆላ ላይ ተሞክሮ አልረባም" ይባላል። ባዶ ሳጥን ግን ባዶ ነው፤ ማንንም አይጎዳም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረን» አሉ። «በሐሰት መስክረናል በይኛ።»

«እኔም አብሬ ነው አባባ። ተቀብዬ ያስረከብኩት እኔ ነኝ።»

በዚያ ሳምንት ሌሎቹንም ቤቶች ቀኔ ሳይሆን ዞርኩ። አንዱ ቤት ወንበሩ ሳሎን ውስጥ የእንግዳ መቀመጫ ሆኗል። ሌላው ቤት ልጅየው እንዳይሰብረው ተብሎ ዘመድ ቤት ተቀምጧል። ወረቀቱ በየቤቱ ሙሉ ነው።

ለፊዚዮቴራፒስቱ መናገር ነበረብኝ። ያባርረኛል ብዬ ነው የሄድኩት፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት ቦታዬ ክፍት መሆኑን ጠይቄ ሁሉ ነበር። የአራት ወሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ «ውሸት ነው» አልኩት። «ሁሉም። ያስዋሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ።» ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት።

መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን አሸ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ወረቀቱን ሰብስቦ ትልቅ ፖስታ ውስጥ ከተተውና በላዩ ላይ «አይቆጠርም» ብሎ ጻፈ። ስለ እኔም የጻፈ መሰለኝ። ቀና ብሎ፣ «እሺ፣ እንዴት ብለን እንጠይቃቸው?» አለኝ።

«እንዴት ብለን» ነው ያለው። ያን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም።

ከአለቆቹ ጋር ተነጋግሮ ጊዜውን አስረዘመ፤ እንደ አዲስ ጀመርን። ጥያቄውን ገልብጬ አመጣሁ፤ «በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ሳይመቻችሁ ቀረ?» መቅረቱን ቀድሜ እኔው እናገርላቸዋለሁ፤ ለእነሱ የሚቀረው ስንት ቀን እንደሆነ መንገር ብቻ ነው። በየቤቱ እንደገና ስሄድ ደግሞ የራሴን ውድቀት አስቀደምኩ። «እኔ ፈተና የወደቅኩ ሰው ነኝ» እላለሁ። «ለእናቴ አጥንቻለሁ እያልኩ ሳላጠና ነው የወደቅኩት። ስለዚህ ሳይሠሩ ሠራሁ ማለትን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።» ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ እውነቱ ይመጣል። አንዷ፣ «ወላሂ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሠራነው» አለችኝና ወዲያው አፏን ያዘች። «ጎበዝ!» አልኳት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በስንፍናዋ የተመሰገነችው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ወር ወረቀት ተሰብስቦ ሲመጣ የተቀደደ ወንፊት ይመስላል። እዚህ ባዶ፣ እዚያ ባዶ። እንደዚያ ወረቀት የኮራሁበት ነገር የለም። የፈተና ውጤቴን ለሰው አሳይቼ አላውቅም፤ ያን ወረቀት ግን ለእናቴ አሳየሁ። «ጎደሎ ነው እኮ» አለች። «አዎ፣ ጎደሎ ነው!» አልኳት።

በሽማግሌው ቤት ወንበሩ ከቁም ሳጥን ወረደ፤ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም ነበር። ልጅቷ ታስራ መቀመጥ አልወደደችም፤ ትጮሃለች። ያገዘን ማሾ ነው። ያን ሰሞን ማሾ ተለቅሞ ደርሶ፣ ቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ዙሪያውን ተቀምጦ ይፈለፍላል። ልጅቷ ፍሬው ቆርቆሮ ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ስትሰማ ቀጥ አለች። ወንበሯን ወስጄ መካከላቸው አስገባሁት። ጠረጴዛዋ ላይ ማሾ አፈሰስን፤ ቆርቆሮውን ራቅ አድርገን አስቀመጥን። ለመክተት እጇን መዘርጋት አለባት፤ ለመዘርጋት ደግሞ ወገቧን ማቅናት አለባት። ከአምስቱ አራቱ መሬት ይወድቃል።

«ኧረ ማሾዬን ጨረሰችው!» ይላሉ ሽማግሌው።

«ይልቀሙት አባባ፣ ለእርስዎም ስፖርት ነው።»

ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ፤ እየለቀሙ ያጉረመርማሉ። በሳምንቱ ስመለስ ግን ቆርቆሮውን ይዘው ከፊቷ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ፤ አንድ ፍሬ ስትከት ወደ ኋላ ትንሽ ይስቡታል።

ሳጥኖቹንም የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ። ማታ ማታ እናቲቱ እስክሪብቶውን ስታነሳ፣ «ዛሬ ሠርታችኋል?» ብለው ከውጭ ይጣራሉ አሉ። ካልተሠራ፣ «ባዶ ተይው! እንዳትነኪው!» እናቲቱ ይህን የነገረችኝ እያማረረች ነው። «አንድ ቀን ረስቼ ራይት ላደርግ ስል እጄን ያዙኝ እኮ» አለችኝ። «ከአንቺ እሳቸው ባሱ።»

ወሮቹ አለፉ። ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ፣ ከዚያ ሁለት ቀዳዳ አላላነው። በአዲሱ የሽንኩርት ነቀላና በረመዳን ባዶው በዛ፤ ከዒድ በኋላ ራይቱ ተመለሰ። እኔም ከቀወት መንገድ የማላውቀው ድንጋይ አልቀረም። የጥናቱ አዲስ ቅጽ የተባዛው በእኔው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ ስታባዛ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ስንት ቀን ሳይመቻችሁ ቀረ?» የሚለው፣ የእኔ ነው። «ማን ጻፈው?» ብላ ሳትጠይቀኝ ነገርኳት።

ባለፈው ወር የመጨረሻው ልኬት ተካሄደ። የሚለካው ሰው እኛን የማያውቅ፣ ማን ምን ያህል እንደሠራ ያልተነገረው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ዓይን ያዳላል። ሌላ ከተማ የምትሠራ ባለሙያ መጣች። እኔ ወደ ቤቱ መግባት ተከለከልኩ፤ ፊቴን አይታ ልጅቷ እንዳትበረታ፣ ወይም እኔ በዓይኔ እንዳልረዳት። ደንቡ ትክክል ነው። ለእኔ ግን ቅጣት ነበር።

ሽማግሌውም ከእኔ ጋር ውጭ ቀሩ። ግድግዳው ሥር ቆምን። እኔ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እሄዳለሁ።

«ቁጭ በይ እንጂ» አሉኝ።

«ቁጭ ማለት የሚችሉት ውስጥ ናቸው አባባ።»

ባለሙያዋ ለእናቲቱ ስትናገር ሰማሁ፤ «ቀበቶውን ፍቺና አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀምጫት። አሁን ልቀቂያት። እጅሽን አንሺ።» ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ አንዲት የማሾ ፍሬ ቆርቆሮ ውስጥ፤ ጠን።

እንደ ቆምኩ ቀረሁ። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አራት። አምስት። ጠን። ስምንት። አሥር።

«ወደቀች?» አሉ ሽማግሌው።

«ዝም ይበሉ፣ እየቆጠርኩ ነው።»

ጠን። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። እጃቸው ክንዴን ያዘ፤ እንዴት እንደሚጨብጡ፣ የገበሬ እጅ ነው። ሠላሳን አለፍኩ። ጠን። ከዚያ አንዱ ፍሬ መሬት ወደቀና ልጅቷ ሳቀች፤ ያን ጎረቤት የሚሰማ ሳቋን፤ ሳቋ ድሮ ሁልጊዜ የሚጥላት ነገር ነበር። ጠን። ቁጥሩ ጠፋብኝ። ሽማግሌውን አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይቆጥሩ ይሁን ዱዓ ያድርጉ አላወቅኩም።

በሩ ሲከፈት ባለሙያዋ ቅጿን ደረቷ ላይ አድርጋ ወጣች። ምንም አልነገረችንም፤ መናገር አትችልም። «ሌላው ቤት የቱ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። በእጄ አሳየኋትና ቀድማኝ ሄደች።

ገባሁ። ልጅቷ አግዳሚው ላይ ናት። እናቷ ከኋላዋ ሳይሆን ከፊቷ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ። መካከላቸው ሰሐን አለ። ልጅቷ ከሰሐኑ አንድ ቁራሽ ፓፓያ አነሳች፤ ግማሹን አገጯ ላይ፣ ግማሹን አፏ ውስጥ አደረገችው። እናቷ አልነካቻትም። እኔንም ቀና ብላ አላየችኝም።

ወረቀቱን ከግድግዳው አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከነበሩት የቀደሙት ወሮች ወረቀቶች ጋር ደረብኩና እስክሪብቶውን ከክሩ ፈታሁ። ሽማግሌው ተከትለውኝ ገቡ።

«ባዶዎቹን አየሻቸው?»

«አይቻቸዋለሁ አባባ።»

«ሁሉም አሉ? የሽንኩርት ነቀላውም? የረመዳኑም?»

ጣቴን በየሳጥኑ ላይ እያሳለፍኩ አሳየኋቸው። «ሁሉም አሉ።»

«በይ ሂጂ» አሉኝ። «ፀሐይ ሳይከር ሂጂ።»

ወረቀቶቹን ላስቲክ ውስጥ ከትቼ፣ ላስቲኩን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ፣ ቦርሳውን በደረቴ በኩል አንጠለጠልኩና ቁልቁለቱን ወረድኩ።